ሰው ቤት ከመግባቴ በፊት

ለምናፍቅሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አክስቴ ኡምሀኒ በሰቃ ሰፈር ያለውን ሱቋን ከፍታ ትውላለች፤ አቃቂም እንደምታውቂው አቧራ ነው። በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ስናወራ ሁልጊዜ አጠገብሽ ሰው አለ፣ አጠገቤም ሰው አለ። ጎረቤታችን ሐጀራ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

የጃፓኑ ጉዞ እውነት ሆኗል። ከትምህርት ቤታችን የተመረጥን ልጆች ክረምት ሲገባ እንሄዳለን፤ እያንዳንዳችን አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሦስት ሳምንት እንቀመጣለን። የሚያዘጋጀን እዚያው ጃፓን የተማረው ቲቸር ዘአማኑኤል ነው፤ አብሮንም ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማችንን አውልቀን ክፍል እንገባለን፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት እንለማመዳለን። እቤት ደግሞ ፓስታ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ለመብላት ስታገል አክስቴ ሹካ አምጥታ ታስቀምጥልኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ቲቸር ሰው ቤት ስለመቀመጥ አስተማረን። የበላችሁበትን ሳህን አንሱ፣ ግን የቤቱ ልጆች ናችሁ እንጂ ሠራተኞች አይደላችሁም አለ። የማትበሉትን ሳታፍሩ ተናገሩ፣ ሲደክማችሁ ደክሞኛል በሉ፣ የከፋችሁ ቀን በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ አለ። ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ አንቺን አሰብኩ። ከመሄድሽ በፊት ያስተማሩሽ ስለ ካውያና ስለ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ነበር። ሲከፋሽ ለማን እንደምትደውዪ የነገረሽ ሰው መኖሩን ግን አላውቅም።

ከዚያ ከምቀመጥበት ቤተሰብ ጋር በቪዲዮ አገናኘኝ። የቤቱ እናት ሳቺኮ ትባላለች፤ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። ቲቸር እየተረጎመልን አወራን። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ ቀድማ ሰምታ ኖሮ ከቤቷ ማውጣቷን ነገረችኝ። ስልኳን ይዛ ክፍሌን አሳየችኝ፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሰፊ መስኮት። ስሰግድ ወዴት እንደምዞር ጠይቃ፣ ቦታው እንዲበቃኝ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፍታዋለች። እንደተለማመድነው ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳት።

ቀጥላ እናትሽ የት ናት አለችኝ። ኩዌት፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ነው የምትኖረው አልኩ። ቲቸር ቃል በቃል ተረጎመላት። ፊቷ በራ። እንግዲያው እናትሽንም እንዳንቺ የተቀበላት ቤተሰብ አለ ማለት ነው አለች። ኤርፖርት ድረስ መጥተው ተቀበሏት ወይ፣ ክፍሏስ እንዴት ነው፣ ምግባቸው ተስማማት ወይ ብላ አከታትላ ጠየቀችኝ። ቲቸር ነገሩ ገብቶታል፤ ሊያርማት ጀምሮ ዞሮ አየኝ። እኔ፣ አዎ፣ በደንብ ነው የያዟት፣ መስኮት ያለው ክፍል ሰጥተዋታል አልኩ። እሱም እንዳልኩት ተረጎመ።

እማ፣ እንዲህ ያልኩት አንቺ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለምትዪን ነው። አክስቴ የምታምንሽ ይመስለኛል። እኔ ግን ስትደውዪ ከኋላሽ የሚሽከረከረውን የልብስ ማጠቢያ እሰማለሁ። አንድ ቀንማ ስልኩ ከእጅሽ ሲወድቅ ከማጠቢያው ሥር መሬት ላይ የተነጠፈውን ፍራሽሽን ከነብርድ ልብሱ አየሁት። አንቺ እየሳቅሽ አነሳሽው፤ እኔም ስለ ፈተናዬ ማውራት ቀጠልኩ።

ያን ቀን ማታ ጉዞውን ልተወው ነው አልኳት አክስቴን። ለምን አላለችኝም። የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጨርሳ፣ እናትሽ የሄደችው አንቺ እንድትቀሪ አይደለም አለችኝ። ስለዚህ እሄዳለሁ። ሳቺኮን ግን ፊት ለፊት ሳገኛት አልዋሻትም። ማድ ቤት አብሬያት ሳህን ሳጥብ፣ በተማርኩት ጥቂት ቋንቋ ሥራሽን እነግራታለሁ። ላሳፍርሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። አንቺ እንደ እሷ ቤት ያለ ቤት እንደገባሽ እንድታስብ ስለማልፈልግ ነው።

ውልሽ መስከረም ላይ ያልቃል፤ ሁለት ዓመት ልትጨምሪ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ለእኔ ዩኒቨርሲቲ ብለሽ ከሆነ አትጨምሪ። ሱቁ ለሁላችንም ይበቃል፤ ይህን ያለችው ራሷ አክስቴ ናት። ስትደውዪ ደብዳቤው ደርሶኛል አትበዪ፤ ሌላም ነገር አታስረጂኝ። እመጣለሁ ካልሽ ይበቃኛል።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ያለሽበትንም ቤት ሰዎች ልብ ያራራልሽ። በሰላም በአካል ያገናኘን።

ከድምፅሽ በላይ አንቺን የምትፈልግ፣
ልጅሽ