አሥራ ስድስት ሳምንት ላላዩኝ አለቃዬ

ለተከበሩ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና ኃላፊ ፋርማሲስት፣ በራስዎ ፈቃድ እስከ ዛሬ ጋሼ እያልኩ ለምጠራዎት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ያ በየቀኑ ልክ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን የሚነሳብዎትና ወደ ቤትዎ የሚመልስዎት የወገብ ሕመም እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎም ልጆችዎም ደህና ይሁኑልኝ። እኔ ደሜ ከመፍላቱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በአደባባይ፣ በሙያ ማኅበራችን ጋዜጣ ላይ የምጽፍልዎት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እኔ የፋርማሲ ተለማማጅ ነኝ። ለሙያ ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ የልምምድ ሰዓቴን በደብተር መዝግቤ በየሳምንቱ በኃላፊው ፋርማሲስት ማስፈረም አለብኝ። በእርስዎ ቤት አሥራ ስድስት ሳምንት፣ ማለትም ስድስት መቶ አርባ ሰዓት ቆሜ ሠርቻለሁ። የመድኃኒት ቅመማ የሚያስተምር ሆስፒታል ቦታ ሲሰጠኝም፣ ከእርስዎ ጋር ሳልቀያየም እንድለይ ሰው የሚመክረውን ሁሉ አደረግሁ፤ ወር ሲቀረኝ አሳወቅሁ፣ የምትተካኝን ልጅ መደርደሪያ በመደርደሪያ አስተማርኩ፣ የምስጋና ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በሁለት እጄ አስረከብኩ። የፈተናው ምዝገባ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። የደብተሬ የፊርማ ረድፍ ግን ዛሬም ባዶ ነው። ካልተፈረመ ያ ሁሉ ሰዓት ውኃ በላው ማለት ነው፤ ሆስፒታሉም ቦታውን ለሌላ ይሰጣል፣ እኔም ዓመት ጠብቄ ከዜሮ እጀምራለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሬን ይዤ ስቀርብ፣ ልጄ አይደለሽም ወይ፣ ምን ያጣድፍሻል፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ቁጭታ እንጨርሰዋለን ብለው መለሱኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሜ ስመጣ ፊትዎ ጠቆረ፤ እንደ ልጁ የሚያየኝን ሰው በደብተር ልይዘው የመጣሁ ያህል አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ይሉኝታ ያዘኝና ደብተሩ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ከረመ። ይህ የእኔ ሞኝነት ስለሆነ እርስዎን አልወቅስም። ይሉኝታዬ ምን ያህል እንደሚያስከፍለኝ ከዩኒቨርሲቲው በተሻለ ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በመሰናበቻዬ ቀን ደብተሬን ስዘረጋልዎ፣ ስትሠሪ ሳላይሽ እንዴት ብዬ እፈርማለሁ፣ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም አሉኝ። ወይ ጉድ! እውነትዎን ነው፣ አላዩኝም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይገባሉ፣ ወንበርዎን ነጩን ጋውንዎን ያለብሱታል፣ አራት ሰዓት ሲሆን ወገብዎ ይነሳል፣ እርስዎም ይነሳሉ። ደንበኛ ኃላፊው የት አሉ ብሎ ሲጠይቅ ገንዘብ ተቀባያችን ጋውኑን በአገጯ እያሳየች፣ እዚሁ ናቸው፣ አሁን ብቅ ይላሉ ትላለች። እንግዲህ እኔ የሠለጠንኩት በዚያ ጋውን ተቆጣጣሪነት ነው። አንድ ቀን ለስምንት ወር ሕፃን የአዋቂ መጠን የተጻፈበት ማዘዣ መጣ። እናቲቱ ልጇን አዝላ መስኮቱ ሥር ቆማለች፣ ልጁ በትኩሳት ይቃጠላል፣ የእርስዎ ስልክ ዝግ ነው። ጋውኑን አየሁት፣ ዝም አለኝ። ሐኪሙን ራሴ ፈልጌ አገኘሁና መጠኑን አሳረምኩ። በሳምንቱ እናቲቱ ልታመሰግን ስትመጣ ዕድል ሆኖ እርስዎ ነበሩና ምርቃቱን ቆመው ተቀበሉ። ያን ዕለት ሕሊናዎ ፈቅዶልዎት ነበር።

ሦስተኛ፣ ለአዲሷ አለቃዬ፣ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ኃላፊ፣ እኔ ሳልጠይቅዎት ደውለው ጨዋ ልጅ መሆኔን፣ ነገር ግን አንድ ቦታ እንደማልረጋ፣ ዛሬ እርስዎን እንደተውኩ ነገ እሳቸውን እንደምተው ስለነገሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እሳቸው ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ ምን ተፈጥሮ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ጥርሴን ነክሼ እርስዎ ጥሩ ሰው እንደሆኑና ብዙ እንዳስተማሩኝ ነገርኳቸው፤ አሠሪን በክፉ ማንሳት ነውር ነው ተብዬ ነዋ ያደግሁት። ቤት ገብቼ ይህንኑ ለእናቴ ሳወራት፣ ደግሞ አመስግነሽው መጣሽ ብላ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

አራተኛው ቅሬታ ለጋዜጣ የማይሆን ቃል ስለገባበት ሰርዤዋለሁ።

ጋሼ፣ ተናድጃለሁ። እግሬ እስኪያብጥ የቆምኩበትን፣ ምሳዬን በቆምኩበት የጎረስኩበትን፣ በሽተኛ እንዳይመለስ ብዬ የተሯሯጥኩበትን ጊዜ አላየሁም በሚል አንድ ቃል ሊያጠፉብኝ ነው። ይህን ያደረጉት ሥራዬ አስከፍቶዎት ቢሆን ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እሄድ ነበር። ያደረጉት ግን ስለሄድኩብዎ ብቻ ነው። ተለማማጅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዘዋወረው ሙያውን ሊሞላ እንጂ ማንንም ሊንቅ አይደለም፤ እርስዎም በወጣትነትዎ ሦስት ቦታ እንደተለማመዱ በኩራት ሲያወሩን ሰምቻለሁ፤ የሦስቱም አለቆች ፈርመውልዎታል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አባትነትዎና ስለ ጋውንዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ በተለይም የወገብ ጤና እመኝልዎታለሁ።

የቀድሞዋ ልጅዎ፣
ስድስት መቶ አርባ ሰዓት ያልታየችው ተለማማጅ

ሳልነግርዎ እንዳልረሳ፦ ቁልፍ ካለበት ሣጥን የሚወጡት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች መዝገብ ትዝ ይልዎታል? ሕጉ እንደሚለው ከዚያ ሣጥን አንዲት ፍሬ የምትወጣው ኃላፊው ፋርማሲስት በቦታው ቆሞ እያየ ነው፤ ማየቱንም በፊርማው ያረጋግጣል። ቁልፉ በጋውንዎ ኪስ ስለሚቀር፣ እኔ በየዕለቱ ባወጣሁበት ሰዓት ፈርሜያለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ቁጭ ብለው የሳምንቱን ሁሉ ከስሜ ጎን ይፈርማሉ። ይህን እያየሁ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፣ የሚጠይቀኝ ካለም አልክድም። ለማንኛውም አሥራ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓትም ሆነ አሥር ሰዓት፣ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ እንደነበር በገዛ እጅዎ ጽፈዋል። እንግዲህ ወይ አይተውኛል፣ ወይ አላዩኝም። አላየሁሽም ካሉ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎቹ ይህንኑ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ እነሱም ይህን ጋዜጣ ያነባሉ። አይቼሻለሁ ካሉ ደግሞ እርስዎ በሌሉበት ብቅ ብዬ ደብተሬን ከእስክሪብቶ ጋር ጋውንዎ ኪስ ውስጥ፣ ከቁልፉ ጎን አስቀምጬልዎታለሁ። ዓርብ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ፤ መቼም ዓርብ መፈረም ለእርስዎ አዲስ አይደለም።