ዶክተሩ ያልተቀበሉት ቅቤ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ጅጅጋ ለምትገኘው፣ ደብዳቤ ሲደርሳት «እማዬ ደግሞ ምን ሆነች!» ብላ ለምትደነግጠው ልጄ ለፌኔት፤

አትደንግጪ። ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽ ደህና ነው፣ ጥጃዋ ደህና ናት፣ እኔ ደግሞ ከደህናም በላይ ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ስለሚዘጋ ነው። ወሬዬ መሃል ላይ ሲደርስ «እማዬ በቃ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትይና ጠርቅመሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን አጥፈሽ ብታስቀምጪውም ነገ ካቆምሽበት ይጠብቅሻል። ስለዚህ ወደ ጅጅጋ ጭነት የሚያመላልሰውን የጎረቤታችንን ልጅ ካሳሁንን ለምኜ ይህንና አንድ ዕቃ በእጁ ልኬልሻለሁ። ዕቃውን ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትከፍቺ።

እንግዲህ ልናገር። ፌኔቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር። አዎ፣ እኔ። አዎ፣ ስላንቺ።

ክረምት ለዕረፍት የመጣሽ ጊዜ ላፕቶፕሽን ታቅፈሽ ለመምህራን ስትጽፊ ሰነበትሽ። ለማስተርስ ከማመልከትሽ በፊት ጥናትሽን የሚመራልሽ መምህር ቀድመሽ ማግኘት አለብሽ፤ እሱ «እሺ፣ እኔ እይዛታለሁ» ካላለ ማመልከቻው ብቻውን ሩቅ አይሄድም አልሽኝ። ለአሥራ አንድ ሰው ጽፈሽ አንዱም አልመለሰልሽም። «ተዪው እማዬ፣ ይቅርብኝ» ብለሽ ሄድሽ። አንቺ ተውሽው፤ እኔን ግን ነገሩ አልተወኝም። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ደብዳቤ ደርሶት ዝም የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ዶክተር ወንዳፍራሽ የሚባሉት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው፣ የሚያጠኑትም ወተት ነው ብለሽኝ ነበር። ወተት! እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ማኅበራችን በር ላይ ቆሜ የገበሬ ወተት እየመረመርኩ የምረከብ ሴት፣ የወተት ሰው ፊት ለመቅረብ ማን ይከለክለኛል?

የነቢያት ጾም ገባና ወተት ፈላጊ ቀነሰ፤ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እጄ ተፈታ። አባትሽን «ልሄድ ነው» ስለው፣

«ሰው ለወንድ ልጁ ሽማግሌ ይልካል፤ አንቺ ለሴት ልጅሽ አስተማሪ ልትጠይቂ ራስሽ ትሄጃለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ባዶ እጄን አልሄድም» አልኩትና ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልዬ አዲሱ ገበያ በሚሄደው ታክሲ ተሳፈርኩ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ። «ቀጠሮ አለዎት፣ እናት?» «ቅቤ አለኝ» አልኩት። ሳቀና አስገባኝ።

ዶክተሩን ሽበታም፣ ወፍራም አድርጌ ነበር የሳልኳቸው። ጭራሽ አይደሉም! ቀጭን፣ ከመሳቢያቸው ቆሎ እየዘገኑ የሚቆረጥሙ ጎልማሳ ሆነው አገኘኋቸው። «የፌኔት ጋሮማ እናት ነኝ» ብዬ ቅቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ እባብ ያዩ ይመስል ከነወንበራቸው ወደኋላ ሸሹ።

«እናቴ፣ ይህን አልቀበልም። ልጅዎ ብትመረጥ ‘በቅቤ ነው’ ይባላል። ባትመረጥ ደግሞ እርስዎ ‘ቅቤዬን በልቶ’ ይሉኛል።»

እውነታቸውን ነው፤ እል ነበር። ቅቤውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። ግን አልተነሳሁም።

«እሺ፣ እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጆቹ ሲጽፉልዎ ለምን አይመልሱላቸውም?»

ኮምፒውተራቸው ላይ ስምሽን ፈልገው ያንቺን አወጡና ወደ እኔ አዞሩት። «ያንብቡት» አሉኝ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ግን «ዲር ዶክተር ዘርሁን» የሚለውን ለማንበብ ያን ያህል ክፍልም አያስፈልግም። ወይ ፌኔት! ለአንዱ የጻፍሽውን ስሙን ሳትቀይሪ ለሌላው ትልኪዋለሽ? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከስሙ በታች ደግሞ «ታላላቅ ሥራዎችዎን አንብቤ እጅግ ተደንቄአለሁ» ይላል።

«የትኛውን ሥራዬን?» አሉኝ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። «እንዲህ ያለ በሳምንት ሠላሳ ይመጣልኛል። ሁሉም የሚያወራው ስለ እኔ ትልቅነት ነው። ምን ማወቅ እንደሚፈልግ የሚነግረኝ የለም። ጽሑፌን አንብቦ ‘እዚህ ጋ አልገባኝም’ የሚለኝ ቢመጣ የዚያኑ ዕለት እመልስለት ነበር።»

ይቺን አፌን ታውቂያታለሽ አይደል? «እንግዲያው እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬ ወተት ሲያመጣ ትንሽ ቀድተን ከአልኮል ጋር እኩል እንቀላቅላለን። ከቋጠረ «ያደረ ነው» ብለን እንመልሳለን። የዛሬ ሦስት ዓመት ግንቦት ላይ የኦቦ ኢተፋ ወተት ቋጠረብኝ። «የትናንት ቀላቅለውበታል» ብዬ ሰው በተሰበሰበበት መለስኩባቸው። ሽማግሌው ዕቃቸውን አነሱና «እሺ እኔ ልዋሽ፤ ላሜም ትዋሻለች?» ብለውኝ ሄዱ። ይህ አነጋገራቸው ውስጤ ቀረ። ለምርመራ ከቀዳሁት የተረፈውን ወደ ቤት ወስጄ እሳት ላይ ጣድኩት። ያደረ ወተት ሲሞቅ ይበጣጠሳል፤ ይሄ ግን በሰላም ፈላ። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ! ከዚያ ወዲህ በአልኮል የወደቀውን ሁሉ ሰው ሳያየኝ እያፈላሁ ሞከርኩ። የሚበዛው ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ድርቆሹ ሲያልቅ፣ ሣሩ ገና ሳይበቅል፣ ከብቱ ሲከሳ። «ታዲያ ያላደረ ወተት ለምን ይቋጥራል?» አልኳቸው ዶክተሩን።

«ስንት ጊዜ አዩት?» አሉኝ።

ደብተሬን ከቅቤው ሥር አወጣሁ፤ ትንሽ ወዝ ነክቶታል። ቀኑን፣ የማን ላም እንደሆነች፣ ምን እንደበላች፣ ሲፈላ ምን እንደሆነ ጽፌበታለሁ። አርባ ሦስት ጊዜ። ዶክተሩ ቆሎውን መቆርጠም አቆሙ። ገጹን እያገላበጡ፣

«ከሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር አንብቤአለሁ። የሱሉልታን ግን የጻፈ ሰው አላውቅም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጅዎ ይህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንዴት?»

«ጠይቃኝ አታውቅም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ ደነቀኝ። ለወቀሳ አይደለም ልጄ፤ ዝም ብሎ እውነት ስለሆነ ነው።

ከዚያማ ላብራቶሪ አስገቡኝ! ነጭ ጋውን አለበሱኝ፤ ትከሻው ጠበበኝ፣ ግን ያውልቁ እስኪሉኝ አላወለቅኩም። በማይክሮስኮፕ አንዲት ጠብታ ወተት አሳዩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ነጭ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውስጡ ድቡልቡል ቅባት፣ ትልቁም ትንሹም፣ እንደ ሐምሌ በረዶ ተበትኖበታል። ዓይኔን ከዚያ ለማንሳት ተቸገርኩ። እኔም በጊዜዬ የማትሪክ ውጤቴ መጥቶ፣ ስሜ ተለጥፎ ሳለ... ይቅር፣ ይህ የዛሬ ወሬ አይደለም።

ስሸኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ማመልከቻ የሚዘጋው ታኅሣሥ ሠላሳ ነው። ልጅዎ ከፈለገች እንደገና ትጻፍልኝ፤ በእኔ ስም።» ይህን ብለው ሳቁ፣ እኔ አልሳቅኩም። «የእርስዎን ጥያቄ ግን አታምጣልኝ፤ እሱ ባለቤት አለው። የራሷን ታምጣ። ለመሆኑ ልጅዎን ምን ይገርማታል?»

ፌኔቴ፣ «አላውቅም» አልኳቸው። እኔ! የወለድኩሽ!

በማግሥቱ ኦቦ ኢተፋ ቤት ሄድኩ። «አካም ቡልተኒ» ብዬ የጠዋት ሰላምታዬን ሳልጨርስ ነገሬን ዘረገፍኩት። ይቅርታዬን ሰምተው ሲያበቁ «ሦስት ዓመት ለማሰብ አልበዛብሽም?» አሉና ላሟን በጣታቸው እያሳዩ «እሷንም ጠይቂያት፤ የተሰደበችው እሷ ናት» አሉኝ። ጠየቅኳት፤ ምን አደርጋለሁ። ሲስቁብኝ ጥርሳቸው የቀረው ሁለት እንደሆነ አየሁ።

አሁን ወደ አንቺ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «በላሽ? ለበስሽ? በሰላም ደረስሽ?» እያልኩ ጠይቄሻለሁ። ምን ማወቅ እንደምትፈልጊ ግን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። «ማስተርስ፣ ማስተርስ» እያልኩ ስጎተጉትሽም የማንን ጥማት እንደማወራ አላስተዋልኩም። ይኸው አሁን እጠይቅሻለሁ። እዚያ በምትሠሪበት ውሃ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ቆመሽ ስትውይ «ይሄ ለምን ሆነ?» ያሰኘሽ ነገር አለ? ካለ፣ የዶክተሩን አንድ ጽሑፍ ከራሱ እስከ ግርጌው አንብቢና ያልገባሽን ጻፊላቸው፤ አጭር ይሁን፣ ስማቸውንም ሦስት ጊዜ እዪው። ከሌለ፣ ወይም ልብሽ ጭራሽ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ ለእኔ ጻፊልኝ። አልቀየምም። እውነቱን ሳላውቅ ስገፋሽ ከምኖር፣ አውቄ ባርፍ ይሻለኛል።

ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ የወተት ናሙና ይዤላቸው እሄዳለሁ። ጠርሙሱ ላይ በራሳቸው እጅ «ተረፈች፣ ሱሉልታ» ብለው ጽፈውበታል። «ልጄ ጻፈችልዎ ወይ?» ብዬ ግን ላልጠይቃቸው ቃል ገብቻለሁ። ፌኔቴ፣ እኔ ነኝ ይህን ቃል የገባሁት፤ ክብደቱን አስቢው።

መንገድሽን ያብራልሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ከልብሽ ጥያቄ አይጥፋ፣ የሚመልስልሽም ሰው አይጥፋ።

እናትሽ፣
ተረፈች

አሁን ዕቃውን ክፈቺው። ያው ቅቤ ነው። አንጥሬዋለሁ፤ ጾሙን እስክትፈቺ አይበላሽም። አንቺ ተቀበይኝ።