በነጻ የሚያበር ነጋዴ

ልጄ ስለሺ፣ ካርቱም ባለህበት የቁስቋሟ እመቤት በጥላዋ ትጋርድህ። እኛ ጉለሌ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋን ግን ወደ ደጅ አላስወጣም።

አንድ ጣሊያን፣ የአውሮፕላን ኩባንያ ሰው ነኝ ብሎ ሰፈራችን መጣ። «ወደፊት ሰው ሁሉ እንደ ባቡር ቲኬት እየቆረጠ ይበራል፤ ለጊዜው ግን ስደተኛ ልጆቻችሁን በነጻ እናመጣለን» እያለ ስም ይመዘግብ ጀመር። በነጻ የሚጭን ነጋዴ ምን ሊሸጥ ነው? የጎረቤታችን የዱጉማ ልጅ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ታይቷል፤ እቤቱ ግን እስከ ዛሬ አልገባም።

እኔንም ስምህን ጠየቀኝ። ከንስሐ አባትህና ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀውን የክርስትና ስምህን ሰጠሁት፤ አልዋሸሁም።

አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እንግዲህ ካርቱም ላይ «ገብረ ኪዳን!» ብሎ የሚጠራህ ቢኖር፣ እባክህ ልጄ፣ ዞር አትበል።

እናትህ ብርቅነሽ