ለማነጻጸሪያ የሰጠሁት ደም

ይድረስ ለወንድምአለም፤ እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን እየረገመች ደረጃ ትወጣለች።

ላቦራቶሪያችን አለርጂ የሚያስነሳውን አንቲቦዲ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የመከላከያ ፕሮቲን ያጠናል። የሰውነታችን ሕዋስ የአንቲቦዲውን አሠራር ትእዛዝ እንደ ልብስ ሰፊ ቆርጦ ይገጣጥመዋል፤ አቆራረጡም ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል። ባለፈው ለማነጻጸሪያ የሚሆን የጤነኛ ደም ሲያጥረን የራሴን ሰጠሁ። አቆራረጡ አንድ የነፍሳት ንድፊያ ከሚጥላቸው ሕሙማን ጋር ገጠመ፤ አለቃዬ ውጤቱን ሦስቴ አስደገመችኝና «ይሄ የማን ነው?» አለች። «የአንድ ጤነኛ ሰው» አልኳት።

አንተ ዶሮ እንኳ ማርባት ያቃተህ ሰውዬ፣ የንብ ቀፎ ገዛሁ ያልከኝ የምርህን ነው? አባዬ የወደቀ ቀን አብረኸው ነበርክ፤ ልቡ ነው ተባለ። ከመውደቁ በፊት ንብ ነድፋው ነበር እንዴ? እማዬን ልጠይቃት ብዬ ተውኩት።

ከቤትህ እስከ ክሊኒኩ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ እሱን ጻፍልኝ።

የምትሳሳልህ እህትህ