ያልተላጠው ፕላስቲክ፦ ለስልክ መሸጫው ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና መስታወቱ ዘወትር ተወልውሎ ለሚያብረቀርቀው መደብርዎ ጤና እመኛለሁ። እናትዎ በሕይወት ካሉም ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

እኔ በሩቅ ከተማ ሊፍት የምጠግን ሰው ነኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዐይኗ ደክሞ ክር መሰካት ሲያቅታት የስፌት መኪናዋን ሸጣ ቤት ዋለች። ለዕረፍት በመጣሁበት ጊዜ፣ እየተያየን እንድናወራ ብዬ ከመደብርዎ ስልክ ገዛሁላት። ስለ መስተንግዶዎ ያለኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እናቴ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ፕላስቲክ በጥፍሯ ልትልጥ ስትል ከወንበርዎ ተነሥተው እጇን በትሕትና ስለያዙላት አመሰግናለሁ። «እማማ፣ እሱ ከተላጠ ዋስትናው ይቀራል» አሏት። የተማረ ሰው ቃል የማታጥፍ ሴት ነበረችና ያን ፕላስቲክ እንደ ዐይኗ ብሌን ጠበቀችው።

ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ የፊት ካሜራውንም ስለሚሸፍንና ከሥሩ አቧራ እየገባ ስለሄደ፣ እናቴ ጉም ውስጥ ተቀምጣ ታወራኝ ጀመር። «እማዬ፣ ፊትሽ አይታየኝም» ስላት «ፕላስቲኩ ነው ልጄ» ትላለች። «ድምፅሽስ ምነው ሰለለ?» ስላት «እሱም ፕላስቲኩ ነው።» ላጪው ብላት «ሰውየው አትላጪ ብሎኛል፤ ደግሞ አንተ ለፍተህ የገዛኸውን ዕቃ» ብላ ወሬ ትቀይራለች። እኔም አመንኩ። እርስዎን የሚያህል ባለሙያ ከተናገረ በኋላ ሊፍት ጠጋኝ ምን ብሎ ይከራከራል?

ሦስተኛው እንዲህ ነው። ጎረቤቷ ደውላ «ቶሎ ድረስ» አለችኝና ሄድኩ። አልጋው ላይ የተኛችው ሴት እናቴ መሆኗን ያወቅኩት ስሜን ስትጠራ ነው። ጉንጯ ገብቶ፣ አንገቷ ቀጥኖ፣ ቀሚሷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ እንደሰነበተባት፣ ቀደም ብላ ብትመጣ የሚሞከር ነገር እንደነበር ነገረኝ። እሷ ግን እጄን ይዛ «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው፤ አትቀየመኝ» አለችኝ። እኔ ነኝ ይቅርታ የተጠየቅኩት። ሳምንት ሳይሞላ አረፈች።

ከቀብር ስንመለስ ጎረቤቷ እንዲህ አለችኝ፦ «ፕላስቲኩን ልላጥልሽ ብያት ነበር። መጀመሪያ ዋስትናውን ፈርታ ከለከለችኝ። ከታመመች ወዲያ ግን ‹ተይው፣ ከስቼ ካየኝ ሥራውን ጥሎ ይመጣል› አለች።» ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ መጫን አልችልም። እናቴ ነገሯን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ የኖረች ሴት ናት። እርስዎ ያቀረቡላት መሸሸጊያውን ብቻ ነው፤ እሱንም በነጻ።

በመጨረሻም፣ ባለፈው ሰሞን ወደ መደብርዎ ጎራ ብዬ የዋስትናውን ደንብ ስጠይቅዎ ሳይሰለቹ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ስለ ፕላስቲክ አንድም ቃል የለበትም። ይህንኑ ስልዎ ፈገግ ብለው «ዕቃ ሲመለስ እንደ አዲስ ለመሸጥ እንዲመቸን የምንላት ነገር ናት» አሉኝ። እውነትን እንዲህ በቀላሉ የሚናገር ነጋዴ ዛሬ የት ይገኛል? ምነው ያኔ ለእናቴም እንዲሁ በነገሯት!

በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ በቀብሯ ማግስት መደብርዎ ወደ እናቴ ስልክ መልእክት ልኮ ስለ ካሜራው ጥራት አስተያየቷን ጠይቋል። እሷ ስለማይመቻት እኔ ልመልስ። ፕላስቲኩን ላጥኩና የፊት ካሜራውን ከፈትኩት፤ ግሩም ነው፣ የፊትን ሽብሽብ እንኳ አንድ በአንድ ያሳያል። ያሳየኝ ግን የራሴን ፊት ነው።