ሐይቁ ውስጥ የጠራኸው ስም

ውድ በርናባስ፣

አዲስ አበባ በሰላም መግባትህን እህትህ ነገረችኝ። ቅዳሜ ፊልማችሁን ባህል አዳራሽ ገብቼ አየሁት። ሰው መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ነው ያየው። መርማሪ ሆነህ ነፍሰ ገዳይዋን ከመሃል ከተማ ጀምረህ በባጃጅ፣ በእግር፣ በጀልባ ስታሳድዳት፣ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት «ይሄ መርማሪ እንቅልፍ የለውም እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። በፍቅር ዘመናችን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ከኋላዬ ሮጠህ አታውቅም። ተጣልተን ስሄድ «ሲበርድላት ትመለሳለች» ብለህ ትቀመጣለህ። እኔም እመለሳለሁ።

የጀልባው ትዕይንት አሞራ ገደል ሐይቁ ላይ የተቀረጸ ዕለት የተዋንያኑን ልብስ ይዤ ዳር ቆሜ ነበር። ነፍሰ ገዳይዋን የምትጫወተው ናዲያ አዳልጧት ከጀልባው ሐይቁ ውስጥ ወደቀች። ድርሰቱ ላይ የሌለ ነገር ነው። አንተ ጫማህን ሳታወልቅ ዘለልክ፤ ካሜራውም መቅረጹን አላቆመም። ስትወጡ ለአንተ የያዝኩትን ደረቅ ጃኬት ከእጄ ነጥቀህ እሷን አለበስካት። ፊቴን እንኳ አላየህም።

«ሰው ሲሰምጥ ዝም ብዬ ልይ?» አልከኝ በኋላ። አፈርኩ። ልትሞት በነበረች ሴት መቅናቴ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ግን ያንን በትልቁ ስክሪን አየሁት። ድምፁ ስቱዲዮ ገብቶ ተቀይሯል። ሕዝቡ የሰማው በፊልሙ ስሟ «ራሔል!» ብለህ ስትጮህ ነው። ከንፈርህ ግን «ናዲያዬ» ይላል፤ ያን ዕለት በግርግሩ አልሰማሁትም ነበር። ናዲያዬ! እኔን አንድም ቀን ሐዳሳዬ ብለኸኝ አታውቅም።

ፊልሙ ሲያልቅ ናዲያን በሩ ላይ ጠበቅኋት። ሳልጠይቃት፣ «ከንፈሩን አይተሻል አይደል?» አለችኝ።

«ምንድን ነው በመካከላችሁ ያለው?»

«በእኔ በኩል ምንም የለም። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ አልፈልግህም አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ላንቺ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን የነገረኝ።»

በርናባስ፣ «እወደዋለሁ» ብትለኝ ኖሮ ፀጉሯን እነጨው ነበር። እሷ ግን እኔ ስለምንህ የኖርኩትን ፍቅር እንዳልጣማት ምግብ ገፋ አደረገችው። ከመውደዷ ይልቅ አለመፈለጓ አንገበገበኝ። አሁንም እቀናባታለሁ፤ በመልኳ አይደለም፣ አንተን እምቢ ለማለት አቅም ስላገኘች ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው።

«እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ምን ብዬ ልመልሳቸው፣ ልጄ?»

«ልጄ አልፈቀደችም ይበሏቸው።»

ቃሌን አልመለስኩም። ስለዚህ ሰዎቹን በከንቱ አታድክማቸው። ደውለህ አስቀራቸው።

ደህና ሁን።

ሐዳሳ