በሰርቪስ ቤቴ ያሉት ሁለቱ ሴቶች

ሰኞ

የዕድራችን ሰብሳቢ ደሳለኝ ሱቅ ድረስ መጣ። መጋረጃ ሊያዝዝ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ። ለካ ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራዩትን ሁለቱን ሴቶች አስወጪ ሊለኝ ነው። አንዷ ትዕግስት ናት፤ ስድስት ዓመት መጋረጃ የሰፋችልኝ። ሌላዋ ሊያ፣ ፋርማሲ የምትሠራው። «ሰፈሩ ዝም አይልም፣ ወይዘሮ ዘነበች። የእግዜርም የመንግሥትም ሕግ አለ» አለኝ። ሁለት ሴት አንድ ክፍል መከራየት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው አልኩት። ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም። እስከ እሁድ ስብሰባ ጊዜ ሰጥቶኛል።

ማክሰኞ

ትዕግስትን ማሽኗ ላይ እንዳለች፣ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ብትክድ ለሁላችንም ይቀል ነበር። አልካደችም።

እኔና አቦነሽ ሠላሳ ዓመት ጓደኛሞች ነን፤ ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ አንድ አልጋ ላይ እናድራለን፣ መንገድ የምንሻገረው እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው፤ ታዲያ የእናንተ በምን ይለያል አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «አቦነሽ ስታገባ እርስዎ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

እልል ብዬ ዳርኳት አልኩ።

«እኔ ሊያ ብታገባ የምሆነውን አላውቅም፣ እትዬ።»

ገባኝ። አልወደድኩትም። ሁለቱም እውነት ነው። መጋረጃውን እንድትጨርስ ነግሬያት ወጣሁ።

ረቡዕ

ከትዕግስት ጋር የተባባልነውን ሁሉ ለአቦነሽ ነገርኳት። ለሌላ ለማንም አልተነፈስኩም። ለሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ያልነገርኩትን ለማን ልንገር? እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ራሷን ስትነቀንቅ ያዘነች መሰለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት የግቢዬ በር ላይ በከሰል ተጽፏል። የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ሊያን ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዷ ተፍታባታለች። ሁለት ደንበኞች ትዕግስት የሰፋችውን አንወስድም አሉ። አንዷ ደግሞ ሱቄ ቆማ፣ «አቦነሽን እልል ብለሽ ነው የዳርሻት አሉ» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ቃል ከትዕግስት ሌላ የሰማችው አቦነሽ ብቻ ናት።

ከሰዓት ራሷ መጣች። ላፍቶ አደባባይ ስንሻገር እንደ ልማዴ እጇን ያዝኩ። ነጠቀችኝ። «ተይ ዘኑ፣ ሰው ያያል» አለች። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋብን መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ።

ቅዳሜ

መጋረጃ የሚሸጥ ሰው የማን መስኮት ወዴት እንደሚያይ ያውቃል። ለቡ ሰፈር ውስጥ ባለፈው ወር የለካሁት ባዶ ክፍል አለ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል፣ መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። አከራይዋ ሐዋሳ ናት። ደወልኩላት።

በጨለማ ቢጫን ሰው ተጠራጥሮ ይከተላል። ስለዚህ በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መጋረጃ በምናደርስበት መኪና ጫንን። ማሽኑ፣ ፍራሹ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ልብሳቸው በመጋረጃ ከረጢት። ደሳለኝ አለፈ። «ሥራ በዝቷል» አለ። በዝቷል አልኩት።

ሊያ ከሥራ በቀጥታ በታክሲ መጣች። ዕቃው ከመግባቱ በፊት ወፍራሙን መጋረጃ ሰቀልኩ። ትዕግስት ልታቅፈኝ ስትል ወደኋላ አልኩ። እዚህ ጎረቤት ከጠየቀሽ እህቴ ናት በይ አልኳት።

«ለጠየቀኝ ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ብያለሁ፣ እትዬ» አለች።

ሥራ ከሱቅ እልክልሻለሁ አልኳት።

እሁድ

ስብሰባው ላይ ወጥተዋል አልኩ። የት ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። ደሳለኝ አመሰገነኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ሬሳ ሸኝቻለሁ። አንዱንም ቤቴ ልጠራ አላሰኘኝም።

ትዕግስት ደወለች። ደህና ናቸው። መጋረጃው አጥሯል፣ ከታች አራት ጣት ያህል ብርሃን ይታያል አለች። እኔ ለክቼ አጠረ። ነገ ጨርቅ ይዤ እሄዳለሁ። እስከዚያ ከጓሮው ማንም ቀና ብሎ ባያይ።

ከስብሰባው ስንበተን አቦነሽ አስፋልቱ ዳር ጠብቃኝ ነበር። አሁን ትዕግስትና ሊያ ስለሄዱ እጇን ዘረጋችልኝ። ሁለቱንም እጄን ኪሴ ከትቼ ብቻዬን ተሻገርኩ።